በጣሪያ ላይ የደረቀ ወይን

ወይን የምወድ ሰው ነኝ። ይህን አንኮበር ውስጥ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። የቄስ ልጅ ነኝና ብናገረው ሰው የሚሰማው ሌላ ነው፤ ያቺ ልጅ መጠጥ ለመደች ይላል። ጠጪ ግን አይደለሁም። አንድ ብርጭቆ ይዤ ምሽቱን ሙሉ የምቀመጥ፣ ከመጠጣቴ በፊት በማሽተት ግማሹን የምጨርስ ዓይነት ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ሆቴል ምግብ ቤት ኃላፊ ስለሆንኩ የወይኑ መደርደሪያ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው። አባቴ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «አንቺ ትሸጫለሽ፣ እኛ በነፃ እናቀብላለን። ገበያሽን እንዳንዘጋብሽ» ብለው ሳቁብኝ።

እውነታቸውን ነው፤ የመጀመሪያውን ወይን የቀመስኩት እሳቸው ከሚቀድሱበት ደብር ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንቅልፌን ሳልጨርስ ይዛኝ ትሄዳለች። በቁርባኑ ማንኪያ፣ በዕርፈ መስቀል፣ ምላሴ ላይ ጠብ የምትል ነገር ነበረች፤ ጣፋጭ፣ ወዲያው ደግሞ ኮምጠጥ የምትል፣ በመጨረሻ ብርድ ብርድ የሚል የብር ጣዕም የምትተው። ከዚያ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ዝም እላለሁ፤ የቆረበ ሰው አይለፈልፍም፣ ምራቁን አይተፋም። ልጅነቴ ሲያልፍ እንደ ሰዉ ሁሉ መቁረብ ተውኩ። በእኛ ዘንድ ሕፃንና ሽማግሌ ይቆርባል፤ መሃል ላይ ያለነው ቆመን እናያለን።

አዲስ አበባ ስማር ወይን ማለት ከኮካ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠጣ ቀይ ነገር ነበር። እኔም ቀላቅዬ ጠጥቻለሁ፤ አላፍርበትም። ዓይኔ የተገለጠው ሆቴሉ ሠራተኞቹን ዝዋይ የወይን እርሻ ሊያስጎበኝ የወሰደን ዕለት ነው። ረድፍ በረድፍ የቆመው ተክል መጨረሻ የለውም፤ ከሐይቁ በኩል የእርጥብ ጭቃ ሽታ ይመጣል፤ ወፍ የሚያባርሩ ሰዎች ቆርቆሮ እየደበደቡ ይጮኻሉ። ከሰዓት በኋላ ቀይ ወይን ቀዱልን። ባልደረቦቼ ፎቶ ይነሳሉ፤ እኔ ብርጭቆዬን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። ወይኑን ውጬው፣ አለቀ ብዬ ካሰብኩ በኋላ፣ ያቺ የልጅነቴ ጠብታ ብልጭ ብላ ጠፋች። አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል? አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ የምከፍተው ጠርሙስ ሁሉ እሷን ፍለጋ ነው። አንዳንዱ ጠርሙስ ይጠጋታል፣ አንዱም አይደርስባትም።

ራሴ ብሠራውስ አልኩ። የዚያኑ ዕለት ተገርዞ ለማገዶ ከተከመረው የወይን ጭራሮ አንድ እቅፍ ለምኜ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ተመለስኩ። አንኮበር ለገብስና ለጉም እንጂ ለወይን አይሆንም። ቁልቁል፣ ገደሉ ሥር ያለችው አልዩ አምባ ግን ቆላ ናት፤ ፀሐይዋ አትቀልድም። እዚያ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ አሉ፤ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። የግቢያቸውን የድንጋይ አጥር ሰጡኝ፤ ጭራሮውን ከሥሩ ተከልኩት። ምን ልሠራበት እንደማስብ አልደበቅኳቸውም።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ፍሬውን ነው» አሉኝ። «ከአጥሬ ከወጣ በኋላ ያለው በአንቺና በፈጣሪሽ መካከል ነው። እኔን አታስገቢኝ።»

ተክሉ ዓመታት ፈጀ። መጀመሪያ ፍየል በላው፣ ቀጥሎ ቅጠል ብቻ ሆነ፣ ከዚያ የሰጠው ጥቂት ፍሬ ለወፍ ራት ሆነ። አምና ጥር ላይ ጋሼ ደውለው «ነይ፣ ከፍሬው ክብደት አጥሬ ሊወድቅ ነው» አሉኝ። ለጥምቀት አንኮበር፣ አባቴ ዘንድ ስሄድ አንድ ትልቅ፣ አፈ ጠባብ ጠርሙስ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው የሄድኩት። በዓሉ ሲያልፍ ወርጄ ለቅሜ፣ እዚያው አባቴ ቤት ጨምቄ፣ ጠርሙሱን ሞልቼ ልመለስ። ሐሳቤ ይህ ብቻ ነበር።

በበዓሉ ማግስት መንገዱ ተዘጋ። ማን ዘጋው፣ መቼ ይከፈታል ብሎ የሚጠይቅ እንኳ አልነበረም፤ ለምደነዋል። ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። ጋሼም በእግረኛ «ፍሬው እስኪጣፍጥ ጥቂት ቀን ጠብቂ» ብለው ላኩብኝ። የአንድ ሳምንት ልብስ ይዤ ሄጄ ሳምንቱ አለቀ፣ ልብሱም አለቀ። ጠዋት ጉሙ እስከ በሩ ይመጣል፤ እጄን ብዘረጋ መዳፌን አላየውም። ከሰዓት ሲገለጥ ገደሉ አፋፍ ላይ እወጣለሁ። ዓይኔ እስከ አፋር ሜዳ ይደርሳል፤ እኔ ግን እዚያው ነኝ። እመለሳለሁ፣ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ራስጌዬ ያለው ባዶ ጠርሙስ ያየኛል። ከደብረ ብርሃን ይዤው የሄድኩትን አንድ ጠርሙስ የዝዋይ ቀይ ወይን በሩን ዘግቼ በጣሳ ጠጣሁት። ብርዱ ወይኑን አኮማትሮት ምንም አይሸትም ነበር። ጣሳውን በሁለት እጄ አቅፌ እያሞቅኩ፣ የአባቴ ሳል በተሰማ ቁጥር ብርድ ልብስ ሥር እየደበቅኩ ጠጣሁት። በዚህ ዕድሜዬ! በራሴ ሳቅኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ።

አንድ ቀን አባቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሰፌድ ይዘው አገኘኋቸው። የደብሩን ዘቢብ አምጥተው እየለቀሙ ነው። ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከዘቢብ ነው የሚዘጋጀው፤ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል። ዘቢቡ የሚመጣው ደግሞ በዚያው በተዘጋው መንገድ ነው። የአባቴ ዓይን ደክሟል። አንዷን ፍሬ አንስተው እስከ አፍንጫቸው ያስጠጓታል፣ ያሸቷታል፣ ይጥሏታል። አብዛኛው ሻግቷል። የተረፈው እፍኝ አይሞላም።

«ከደብረ ብርሃን ማስመጣት አይቻልም?» አልኳቸው።

«በምን? በአሞራ?» አሉ። ሰፌዱን አራግፈው ተነሱ። «ሁዳዴ ደረሰ። በየቀኑ ቅዳሴ አለ።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስለ አልዩ አምባው ተክል ያውቃሉ፤ ጓደኛቸው ዓመታት ሙሉ ሲያወሩላቸው ኖረዋል። ቢጠይቁኝ እምቢ ማለት እችል ነበር፣ ቢያዙኝ መጣላት እችል ነበር። ዝም ያለ ሰውን ግን በየት በኩል ነው የሚያመልጡት?

እሳቸው ዝም ቢሉም ሰፈሩ ዝም አላለም። ውሃ ልቀዳ ስወጣ አንዲት ጎረቤታችን አንገቴን አቅፈው ግራ ቀኝ ሳሙኝ። «እመቤቴ ናት ያመጣችሽ! ልክ በሰዓቱ!»

«ሚኒባስ ነው ያመጣኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

አልሰሙኝም። የሚቀጥለው ሰው ደግሞ ስለ ወይኔ ከወዲሁ አመሰገነኝ። ባልሰጠሁት ነገር ሲያመሰግኑኝ ውሃውን ሳልቀዳ ወደ ቤት ተመለስኩ። ያን ዕለት ምሳ ላይ አባቴን «ትኩሱን ፍሬ ጨምቃችሁ አትቀድሱበትም?» አልኳቸው። ጥቂት ሰጥቼ የቀረውን ላስቀር ፈልጌ ነው።

«ለአንድ ቀን ይሆን ይሆናል» አሉ። «ከዚያስ? ፍሬው ሰንብቶ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ ያንቺ መጠጥ ይሆናል። ዘቢብ ግን ይቆያል።» እንጀራቸውን ጠቀለሉና «ብዪ እንጂ» አሉኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ቁልቁል ወረድኩ። ለአልዩ አምባ መኪና አያስፈልግም፤ የእግር መንገዱን የሚዘጋው የለም። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ አወልቃለሁ፤ ብርዱ ከኋላዬ ቀረ፣ አየሩ እየወፈረ መጣ። መንገድ ላይ ስሌቱን ሠራሁ፤ ግማሹን ለአባቴ፣ ግማሹን ለእኔ። ግን አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግማሽ የሆነ ጠርሙስ ውስጥ የቀረው አየር ወይኑን ኮምጣጤ ያደርገዋል። ግማሽ ዘቢብም የሁዳዴን ግማሽ አያደርስም። ማካፈል ሁለታችንንም ማሳጣት ነበር።

ጋሼ አጥራቸው አጠገብ ቅርጫት ደርድረው ጠበቁኝ። ዘለላዎቹ ጥቁር ናቸው፣ በላያቸው አመድ የመሰለ ስስ ነገር አለ፤ መብሰላቸው በዚያ ይታወቃል። አንዷን ፍሬ ነከስኩ። ቆዳዋ ወፍራም ነው፣ ፍሬዋ ይጣፍጣል፣ ከጣፋጩ ሥር ኮምጠጥ ትላለች። ከእነዚህ ምን ዓይነት ወይን እንደሚወጣ አፌ ውስጥ ታወቀኝ። እሷው ናት። ያን ያህል ዓመት በየሰው አገር ጠርሙስ የፈለግኳት ልጅነቴ የጋሼ አጥር ላይ ተንጠልጥላለች።

ለቅመን ስንጨርስ ጋሼ ላባቸውን ጠርገው «አህያው ላይ ልጫንልሽ ወይስ ምን ይሁን?» አሉኝ።

ዕድሜ ልካቸውን መጠጥ ያልነኩ ሰው ናቸው። እንዲከለክሉኝ ጠበቅኩ። እምቢ ቢሉኝ ደስ ባለኝ፤ የምናደድበት ሰው አገኝ ነበር። አህያውን ይዘው መልሴን ጠበቁ። እኔ በሐሳቤ የማየው ግን ሰፌዱን ነበር፤ አባቴ አንዷን ዘቢብ እስከ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ።

«ይድረቅ!» አልኩ። በቁጣ ነው ያልኩት፣ እሳቸውን እንደምሰድብ ሁሉ። «ለቤተ ክርስቲያን ነው። ይድረቅ!»

ጋሼ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «አልሐምዱሊላህ! መጠጥ ይሆናል እያልኩ ይኸው ስንት ዓመት ጀርባዬን ሲያሳክከኝ ኖሯል» ብለው አህያውን መለሱት። ወዲያው መሰላል አምጥተው ቆርቆሮ ጣሪያቸው ላይ ሰሌን አነጠፉ። ሁሉም ሰው ተገላገለ፣ ከእኔ በቀር። ከመሰላሉ ሥር ቆሜ ወይኔን በየቅርጫቱ አቀበልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ጣሪያው የእሳቸው ሆነ። ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግደው ሲመለሱ ይወጣሉ፣ ፍሬውን ያገላብጣሉ፣ ወፍ ያባርራሉ፤ የሰፈሩን ልጆች «የቄሱ አደራ ነው፣ ማንም እንዳይነካ!» እያሉ ያስፈራራሉ። እኔ በየገበያው ቀን እየወረድኩ አያለሁ። በወረድኩ ቁጥር ፍሬው አንሷል፣ ተጨማዷል። መንገዱ ግን እንደተዘጋ ነው።

ደርቆ ወደ ላይ የተጫነ ዕለት ከሰሌኑ ጠርዝ የወዳደቁትን ጥቂት ፍሬዎች ጋሼን አስፈቅጄ ለራሴ ወሰድኩ። አባቴ ቤት ጣሳ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፣ በጣቶቼ ጨመቅኳቸው፣ አሸተትኩ፣ ቀመስኩ። የዘቢብ ውሃ ነበር። ጣፋጭ፣ ቡኒ የዘቢብ ውሃ። ያቺ ጠብታ የለችበትም። ደግሜ ቀመስኩ፤ ያው ነው። ጣሳውን ውጭ ደፋሁት።

የሁዳዴ የመጀመሪያው እሁድ፣ ዘወረደ፣ በእኔ ወይን ተቀደሰ። በሴቶች በኩል ቆሜ አስቀደስኩ። የቁርባኑ ሰዓት ሲደርስ እናቶች ሕፃናታቸውን አቅፈው ወደ ፊት ሄዱ። አንዷ ሕፃን ታለቅስ ነበር፤ ከተቀበለች በኋላ ጸጥ አለች፣ ከንፈሯን አንዴ ላሰች፣ እናቷ በነጠላ ሸፈነቻት። ያን ጊዜ ቀናሁ። በሕፃን ቀናሁ! የደብሩ ሕፃንና ሽማግሌ ሁሉ ወይኔን ቀመሰ፤ ጣዕሙን የማላውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ።

አባቴ ቤት ገብተው ጸበል እስኪጠጡ፣ እህል እስኪቀምሱ ታገስኩ። ከዚያ ግን አልቻልኩም።

«አባባ፣ እንዴት ነበር?»

«ምኑ?»

«ወይኑ። ጣዕሙ እንዴት ነበር?»

አባቴ የእጃቸውን ፍርፋሪ አራገፉ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ በዚያ በደከመ ዓይናቸው ፊቴን ሲፈልጉ ቆዩ። ስንት ዓመት ሲያስቡበት የኖሩት ነገር እንደሆነ ከአነጋገራቸው ገባኝ።

«መቁረብ ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ።» ቶሎ ነው የመለስኩት፣ በጣም ቶሎ።

«ልትቀምሺው ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። እሳቸው ግን አባቴ ናቸው፤ ወይን ሳሸት ፊቴ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። 

«ለመቅመስ ከሆነ አትምጪ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሌላ ምክንያት ያገኘሽ ቀን ነይ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

መንገዱ ከፋሲካ በኋላ ተከፈተ። ሚኒባስ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔ ነበርኩ፤ ባዶው ጠርሙስም ጉልበቴ ላይ ነበር። ደብረ ብርሃን ደርሼ መደርደሪያዬን ከፈትኩ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ብርጭቆ እያነሳሁ አሸታለሁ። አባቴ እያረጁ ነው። በየወሩ አንኮበር እሄዳለሁ፣ በሴቶች በኩል ቆሜ አስቀድሳለሁ፣ እናቶች ሕፃናታቸውን ይዘው ሲሄዱ እኔም ለመሄድ እግሬን አነሳለሁ። ከዚያ ራሴን እጠይቃለሁ። እስካሁን የምፈልገው ለመቅመስ ነው።