መሬቱ ጠጣው?

እናቴ እንጅባራ ስትመጣ እግሯ ደህና ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ "በእርጅና ነው" እያለ ስለሚያናድደኝ ነው። የምን እርጅና! ከገጠር ቤታችን ጥሊሊ ገበያ ድረስ በኮንጎ ጫማዋ ጭቃውን እየረገጠች የምትመላለስ ሴት ነበረች።

አባቴ ሲሞት ብቻዋን ምን ትሆናለች ብዬ ወደተከራየሁት ቤት አመጣኋት። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ገና እንደገባች ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዳበሰችው።

"ውይ፣ ሲቀዘቅዝ! ደግሞ ይሄ በምን ይለቀለቃል?"

"እዚህ እበት ብታስገቢ አከራያችን ሁለታችንንም ያስወጡናል" አልኳት። ተሳሳቅን።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቤት የምትጠርገው ውኃ አርከፍክፋ ነው። የአፈር ወለል ውኃውን ይጠጣና አቧራው አይቦንም። "እማ፣ ይሄ አይጠጣም፤ ተይው" ስላት "እሺ" ትላለች። እሺ ማለት ምን ቸገራት! አንድ ቀን ሥራ እስክሄድ ጠብቃ አርከፈከፈችው። እስኪጠጣው ትንሽ ቆይታ መጥረጊያዋን ይዛ ተነሣች። ስመለስ እዚያው ውኃው ላይ ወድቃ በአዊኛ ስታቃስት አገኘኋት። ውኃው እንደፈሰሰ ነበር።

የተሰበረው ዳሌዋ ነው። ሐኪሙ ልቧ ቀዶ ጥገና አይችልም አለኝ። ወጌሻውም አይቷት "እንግዲህ እግዜር ያውቃል" ብሎ ወጣ። ገባኝ። አትነሣም።

አሁን ፍራሿ ላይ ላስቲክ አንጥፌላታለሁ። እሱም አይጠጣም፤ ሽንቷ ከጀርባዋ ሥር ይተኛል፣ ቆዳዋ ተልጦ ቆስሏል። እጠርጋለሁ፣ አገላብጣታለሁ፣ ተመልሶ ያው ነው። ሰለቸኝ እንዳልል እናቴ ናት። "አይዞሽ፣ ትድናለች" የሚሉኝን ሰዎች ግን መስማት አልፈልግም፤ ዓይኔ ያያል እኮ።

አእምሮዋም ይሄድባታል። ጠዋት ጠዋት "መሬቱ ጠጣው?" ትለኛለች። ወለሉ ሳይደርቅ እንዳትነሣ የከለከልኳት ይመስላታል።

"ጠጥቶታል እማ" እላታለሁ። ሌላ ምን ልበላት?

ትናንት "እንግዲያ ጫማዬን አምጪልኝ፣ ቤቴ ልሂድ" አለችኝ። ያኔ ስትመጣ አጥቤ ከበሩ ጀርባ ያስቀመጥኩትን ኮንጎዋን አመጣሁላት። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

"ይሄ የኔ አይደለም" አለች። "ጭቃው የታለ?"