እንዳይረጋ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ሳላፍር ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ብደብቀው ምን ይጠቅመኛል። ኦሞ ወንዝ ላይ በትንሽ ጀልባ ስትሄጂ አዞ አያስፈራሽም ነበር ወይ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አዞውማ ዳር ላይ ተጋድሞ ይታያል፤ የሚታይ ነገር ደግ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ጀልባዋ መሀል የተቀመጠው የፎም ሳጥን ክዳን ነበር። ክዳኑ በተነሳ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይል ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመቴ የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ተነገረኝ፤ መርፌ የሚፈልገው ዓይነት፣ ጠዋትና ማታ። በዚያው ዓመት መምህርት ሆኜ ተመደብኩ። ምድቤ ከኦሞራቴ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች፣ በጀልባ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ትምህርት ቤት ነው። መብራት የለም፣ ጤና ጣቢያ የለም፤ ሞባይልም ያኔ እዚያ አገር አልደረሰም። ታዲያ ለምን በሽተኛ ነኝ አላልሽም ትሉኝ ይሆናል። ጂንካ ተከራይቼ ስማር አንድ ቀን ስኳሬ ወርዶ ግቢ ውስጥ ወድቄ ነበር። ስነቃ አከራዬ ክብሪት ጭራ ጭሱን አፍንጫዬ ስር ይዛለች። በሳምንቱ ቤቱን ልቀቂ አለችኝ፤ የሚጥል በሽታ አለባት ብላም ለሰፈሩ አወራች። ከዚያ ወዲያ ለማንም ላልናገር ማልኩ። ተማሪ ከፊቴ ሲሸሽ እያየሁ ማስተማር አልችልም።

መድኃኒቱን የሰጠችኝ ነርስ ደግ ሴት ነች። እስከዚያ የምወጋው እሷው ጋ፣ ጂንካ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነበር፤ ልሄድ ስል ሁለት ብልቃጥ ሰጠችኝ፤ ውስጡ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ነገር። “ሁለቱ አንድ ወር ያደርሱሻል። በቅዝቃዜ ያዢው። አደራ እንዳይረጋ፤ ከረጋ አይሠራም፣ እንዳትወጊው” አለችኝ። እሺ አልኩ። ገብቶኛል ብዬ ነው እሺ ያልኩት። ያደግኩት ደጋው ላይ፣ ገዘር፣ ላም ባለበት ቤት ነው፤ ወተት ሙቀት ሲያገኘው እንደሚረጋ እኔን ማን ያስተምረኛል። ይህም ነጭ ነው፣ ወተት ይመስላል፤ እንዳይረጋ ማለት እንዳይሞቀው ማለት ነው። ይህን ደግሞ መልሶ ይጠየቃል እንዴ።

ከጂንካ ኦሞራቴ ድረስ ብልቃጦቹን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። መንገድ ላይ መኪናው ሲቆም ሰው ሁሉ ወደ ምግብ ቤት ሲገባ እኔ ፎጣዬን ላርስ ወደ ውሃ ሮጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ “ልጄ፣ አራስ ልጅ ነው እንዴ የያዝሽው?” አሉኝ። ሳቅሁላቸውና ፎጣውን መልሼ አጥብቄ ጠቀለልኩ።

ኦሞራቴ ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ወደ ትምህርት ቤቱ የምትወርደው ጀልባ በሳምንት አንዴ ነው የምትሄደው፤ የምትጭነውም የአንዲት ዓሣ ነጋዴ ዕቃ ነው። ሴትዮዋ ከአርባ ምንጭ በኩል መጥታ የከረመች፣ ስትሠራም ስትሄድም መዝሙር ከአፏ የማይጠፋ፣ ወፍራም ድምፅ ያላት ናት። እትዬ እላት ነበር። ስትወርድ ለስላሳ፣ ውሃና ለመምህራን የታዘዘ ሥጋ ትይዛለች፤ ስትመለስ በዚያው ሳጥን ዓሣ ትሞላለች። ስለዚህ በረዶዋ መውረጃውንም መመለሻውንም መቻል አለበት። ዘዴዋን ራሷ ነገረችኝ፤ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ትሞላለች፣ አንድ እፍኝ ጨው ትጨምርበታለች፣ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ፍሪዘር ውስጥ ታሳድረዋለች። “ጨው የገባበት በረዶ ብርዱ ይናከሳል” አለችኝ። በረዶው ከታች ይደረደራል፣ በላዩ ጆንያ ይነጠፋል፣ ከጆንያው በላይ የሚጠጣው ነገርና ሥጋው።

ይናከሳል ስትለኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ጠዋት ሳጥኑን ጀልባ ላይ ስታስጭን ዞር እስክትል ጠብቄ ጆንያውን ገለጥሁና አንደኛውን ብልቃጥ በካልሲ አድርጌ በረዶዎቹ መሀል ወተፍኩት። ሁለተኛውን ሳልከት ተመለሰች። ደንግጬ በመሐረብ እንደተጠቀለለ ለስላሳዎቹ መሀል ጣል አደረግሁት። እዚያ ላይ፣ ክዳኑ ስር። ያኛውስ ተረፈ፣ ይኼኛው አለቀለት ብዬ አዘንኩ።

ጉዞው ከዚያ በኋላ ስቃይ ሆነ። ጀልባ ነጂው የዳሰነች ሰው ነው፤ አማርኛውን ገበያ ላይ የተማረ፣ ሰው ሳያሳቅ መዋል የማይችል። ዳር ላይ ሰው ባየ ቁጥር ይጠጋል፤ የሚሳፈር ይሳፈራል፣ የሚገዛ ይገዛል። በተጠጋ ቁጥር ክዳኑ ይነሳል። አንዱ ሲጠጣ ሌላውን ይጠማዋል። ሙቅ አየር ገባ፣ አሁን ረጋ፣ አሁን ረጋ እላለሁ በሆዴ። በመጨረሻ አይኔን በጨው አጥቤ ሄጄ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥሁበት።

“ቲቸር፣ ተነሺ እንጂ፣ ሰው ጠምቶታል” አለች እትዬ።

“ትንሽ ይቆይ” አልኩ።

“ቲቸር እንቁላል ታቅፋለች” አለ ጀልባ ነጂው። “ተዉአት፣ እስኪፈለፈል እንጠብቅ።”

ተሳቀብኝ። እኔም ተነሳሁ፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ። ስስታም ቢሉኝ ይሻለኛል። በሽተኛ ከሚሉኝ ስንት ነገር ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ወጣች። ወንዙ ጎድሎ ነበር። ሞተሩ አጓራ፣ ጭቃ ተፋ፣ ዝም አለ። ሁላችንም ወረድን፣ ዕቃውም ወረደ፤ ሳጥኑ አሸዋው ላይ ለፀሐይ ተሰጣ። ወንዶቹ ጀልባዋን ሲገፉ እኔ ነጠላዬን ውሃ ነክሬ ሳጥኑ ላይ እዘረጋለሁ፣ ሲደርቅ እንደገና እነክራለሁ። ከወዲያ ማዶ ሁለት አዞ አፋቸውን ከፍተው ይሞቃሉ። ውሃው ዳር ስጎነበስ ተጠንቀቂ ሲሉኝ እንኳ አልሰማም። የማታ መርፌዬ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሁለቱም ብልቃጦች ከተበላሹ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ጥሙ፣ ማስመለሱ፣ ከዚያ መፍዘዙ። ቀጣዩ ጀልባ ሳምንት ነው፤ እኔ ደግሞ ያለ መርፌ ሳምንት አልቆይም።

አሥር ሰዓት ግድም ማየት አለብኝ አልኩ። እትዬ ጀልባው ጋ ናት። ክዳኑን ከፍቼ፣ ጆንያውን ገልጬ ካልሲውን ሳብሁ። ብልቃጡ ድርቅ ብሏል። በመዳፌ አሸሁት፣ አሸሁት። ሲላቀቅ ነጩ ተቆራረጠና እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ተንሳፈፈ፤ ብነቀንቀው አልዋሃድ አለ። ልክ እንደ አይብ። ክው አልኩ። ብልቃጡ እጄን እስኪያመኝ ቀዝቃዛ ነው፤ ያንን እየነካሁ እንኳ አልገባኝም። ረግቷል፣ ሙቀት ገብቶበታል አልኩ። በጣም የቀዘቀዘው ቦታ ላይ ያለው ከረጋ እላይ ያለውማ ምን ሊሆን። ከለስላሳዎቹ መሀል መሐረቡን ስቤ ሳልፈታው፣ ሳላየው፣ ቢያንስ ከአሁን በኋላ ይትረፍ ብዬ ወደ ታች፣ ጨው ወዳለበት በረዶ መሀል ልከተው እጄን አስገባሁ።

አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ።

“ምንድን ነው በረዶዬ ውስጥ የምትከቺው?” አለች እትዬ። ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም። ሰው የሚበላው ዓሣ የሚገባበት ሳጥን ነው፤ እውነቷን ነው።

ምንም አይደለም ብላት ትለቀኝ ነበር፤ ይህን አሁንም አስባለሁ። ምንም አይደለም የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“መድኃኒት ነው” አልኩ።

“የምን?”

ወንዶቹ መግፋቱን ትተው ወደ እኛ ያያሉ። አከራዬ ታየችኝ፣ ያ የክብሪት ጭስ ሸተተኝ። “ስኳር አለብኝ” አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። “እየከፈታችሁ እየከፈታችሁ አረጋችሁብኝ። ረግቷል፤ አንዱ ረግቷል።”

እትዬ የረጋውን ብልቃጥ ከእጄ ወስዳ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ከዚያ መሐረቡን ፈታች። ሁለተኛው ብልቃጥ እንዳለ ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ስትገለብጠው አንድም ጓጎላ የለውም። እኔ ገርሞኝ ማልቀሱን ተውኩ።

“ይኼ የተበላሸው የት ነበር?”

“እታች።”

“ይኼኛውስ?”

“እላይ፣ እናንተ የምትከፍቱት ጋ።”

“አንቺ ልጅ፣ እዚያ ታች ያለው እኮ የዓሣ ብርድ ነው። እኔ ለስላሳ እንኳ እዚያ አላስቀምጥም፤ ረግቶ ጠርሙሱን ይሰብረዋል። ይኼን ሙቀት መቼ ነካው፣ በብርድ ነው የረጋው።”

“የሚረጋ በሙቀት ነው” አልኳት። አስተማሪ አይደለሁ፣ መቼ እሸነፋለሁ። “ወተት...”

“ወተትሽን ተይው። አገሬ ብርድ ነው ብለሽኝ አልነበር፤ ቅቤ ጠዋት ጠዋት የሚረጋው በምንድን ነው?”

ስንት ጠዋት የረጋ ቅቤ በማንኪያ ስፍቅ አድጌያለሁ። ነርሷ እንዳይረጋ ስትለኝ እሷ የነገረችኝ የቅቤውን ነው፣ እኔ የሰማሁት የወተቱን። አሸዋው ላይ ተቀመጥሁ። ያን ሁሉ መንገድ የረገምኳቸው ሰዎች፣ እየጠማቸው ክዳኑን እየከፈቱ፣ ያለችኝን አንዲት ብልቃጥ ሲያተርፉልኝ ነው የዋሉት። ለማዳን ብዬ ልገድላት የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሰዓቱ ሲደርስ መርፌዬን እዚያው አሸዋ ላይ፣ በሁሉም ፊት ተወጋሁ። እትዬ ክንዴን ደገፈችኝ፤ ጀልባ ነጂው ደግሞ ፊቱን አዞረ። ያ ሁሉ ቀልደኛ ሰው መርፌ ማየት አይችልም ኖሯል። ዳቦ ሰጡኝ፣ በላሁ። የሸሸኝ የለም። ቆይቶ ጀልባ ነጂው “ስኳር የበዛበት ሰው ዛሬ አየሁ። እኛ ጋ ያለው ስኳር የሚያንሰው ሰው ነው” አለ፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ።

ፍርሃቱ ግን በዚያ አላለቀም። ሁለት የነበረው ብልቃጥ አንድ ሆነ፤ ወር የነበረው ሁለት ሳምንት ሆነ። ትምህርት ቤት ስደርስ ያለችኝን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥላ ስር በተቀመጠ የሸክላ ገንቦ አፍ ላይ አኖርኳት፤ በእረፍት ሰዓት ሁሉ እየሄድኩ አያት ነበር። እትዬ አስመጣልሻለሁ ብላኛለች፤ ግን ጂንካ የት፣ እኔ የት። አንደኛው ሳምንት ባዶ እጇን መጣች። በሁለተኛው ሳምንት ብልቃጧ ልታልቅ የሁለት ቀን ቀርቷት፣ ከወንዙ ዳር ከማለዳ ጀምሬ ቆሜ የሞተር ድምፅ ሰማሁ።

እትዬ ያን ቀን አልነበረችም። ጀልባ ነጂው ብቻውን ነው። ሳጥኑን አልከፈተም፤ ከጀልባዋ ጥላ ስር፣ ነፋስ ከሚያገኘው ቦታ፣ በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ነርሷ ለኦሞራቴ መኪና ሹፌር፣ ሹፌሩ ለእትዬ፣ እትዬ ለእሱ ስትሰጥ የተባለውን አደራ ይዞ መጥቷል፤ በመንገድ ላይ ደጋግሞ ያጠናው ይመስላል።

“ቲቸር” አለኝ በሁለት እጁ እየሰጠኝ፣ “በብርድ እንዳይረጋ።”

እሺ አልኩት። ያን ጊዜ እሺ ያልኩት ገብቶኝ ነው።