ፒልሬ እሳቱን ያስጠፋች ሰሞን

ኦ ፒልሬ የምትባል ኮሪያዊት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ባሏ ሞተባት። የባሏ ቤተሰቦች፣ ቤት ተቀምጣ ዕድሜ ልኳን ታለቅሳለች ሲሉ፣ እሷ እቴ! ሴኡል ሄዳ ነርስነት ተማረች። ጉድ ተባለ። የባዕድ ወንድ ገላ የምታጥብ ሴት! አራት ዓመት ተምራ ስትመለስ የመንደሩ ሴቶች በመንገድ ሲያዩዋት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ፒልሬም አንገቷን ቀና አድርጋ ታልፋቸዋለች። ምን ታድርግ፣ ያወቀችውን አውቃለቻ!

ደግሞ የምትለው ነገር የሚከብድ ሆኖ አይደለም። ሕመምተኛ ንጹሕ አየር፣ የፈላ ውኃና የታጠበ ልብስ ይፈልጋል፤ አስታማሚውም ዓይኑን ከፍቶ ይይ፣ ያየውን ይጻፍ። አለቀ። ይህን ለማስረዳት ግን ስንቴ ጉሮሮዋ ደረቀ!

አንድ ክረምት ሽማግሌ ዩን በታይፎይድ ወደቁ። መድኃኒት ቀማሚው ተስፋ ሲቆርጥ፣ የበኩር ልጃቸው ዱክሱ ሳይወድ በግዱ ፒልሬን አስጠራት። ስትገባ ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። በዚያ አገር ቤት የሚሞቀው ከወለሉ ሥር በሚነድ ምድጃ ነውና እሳቱ ይንቦገቦጋል፤ ሽማግሌው ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ተጭኗቸው ከእሳቱ በላይ ባለው የጋለ ወለል፣ ለቤቱ ታላቅ በሚሰጠው የክብር ቦታ ተኝተዋል። የበሩ ስንጥቅ ሁሉ በወረቀት ተለጥፏል። ትኩሳታቸው አርባ ዲግሪ አልፏል።

«ወደዚያኛው ጥግ፣ ወደ ቀዝቃዛው እናውርዳቸው» አለች።

ዱክሱ ዓይኑ ቀላ። «ምን አልሽ? አባቴን ሎሌ የሚተኛበት ላስተኛቸው?»

«እዚህ ከቆዩ ይሞታሉ።»

«እንግዲያው በክብር ቦታቸው ይሙቱ! እኔ የአገር መሳቂያ አልሆንም።»

ፒልሬ ደሟ ፈላ። ሰውየውን በአክብሮት ሊቀቅሏቸው እኮ ነው!

«መልካም፣ ከቦታቸው አላነሳቸውም። እሳቱ ይጥፋ።»

«እሳቱ? የምንበላውስ በምን ይበስላል?» የቤቱ ምግብ የሚበስለው በዚያው እሳት ነበር።

«ጎረቤት ይብሰል። እርስዎ አባትዎን አክባሪ አይደሉ? አብረው ይንቀጥቀጡ!»

የዱክሱ ሚስት ሳቋ አምልጧት በቀሚሷ ጫፍ አፏን ያዘች። ለአባቱ ብሎ በብርድ መቀመጥን እምቢ የሚል ልጅ የት አለ! እንጨቱ ከምድጃው ወጣ፣ በሩ ተከፈተ።

አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ ከረሙ። ፒልሬ ለብ ባለ ውኃ ገላቸውን ታብሳለች፣ የሩዝ አጥሚት በጠብታ ታጠጣለች፣ ትጽፋለች። የሽማግሌው ልጆች ብርድ ልብስ ተከናንበው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። መንደሩማ «ያቺ ሴት ሽማግሌውን በብርድ ልትገድላቸው ነው» ብሎ ፈርዷል። ከሞቱ በዚያ አገር ማንም በሩን እንደማይከፍትላት ታውቃለች። ፈርታለች፤ ፍርሃቷን ግን ለማንም አላሳየችም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምድጃዬን ያጠፋው ማን ነው? በብርድ ልትጨርሱኝ ነው?» ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ቁጣቸው ግን ያው የድሮው ነው።

ዱክሱ በግንባሩ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ፒልሬም ዓይኗ እንባ ሞላ። በሕይወቷ እንደዚያ ቁጣ ደስ ያሰኛት ነገር የለም።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አሁኑኑ አንድጂው!»

«አላነድም። ትኩሳቱ ጨርሶ እስኪለቅዎ ገና ሦስት ቀን ይቀራል። ይልቅ አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ አፍዎን ይክፈቱ።»

ማዘዝ እንጂ መታዘዝ የማያውቁት ሽማግሌ ዩን ልጃቸውን አዩ፣ ፒልሬን አዩ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።