ምሳ ከግንቡ ማዶ

በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ለዋለ ሰው የሐረር ሰፈሮች በበሽታቸው ይለያሉ። እዚያ የምትሠራ አንዲት ቀልደኛ ነርስ ነበረች፤ ካርድ ሳታይ፣ ገና ከበር ስንገባ፣ "አንቺ ከግንቡ ውጭ፣ አንቺ ከጀጎል፣ አንተ ከሐኪም ጋራ" እያለች ትመድበን ነበር። ብዙም አትስትም። ከሐኪም ጋራ፣ ከተማዋን ቁልቁል ከሚያያት ተራራ፣ እንጨትና ወተት ይዘው የሚወርዱት ቀጫጭኖች ናቸው፤ ሳል ወይም የሆድ ሕመም ይዟቸው ይመጣሉ እንጂ ደም ብዛት የሚባል ነገር አያውቃቸውም። በግንቡ ውስጥ ያለው የጀጎል ሰው ያንን ጠባብ ዳገትና ቁልቁለት በእግሩ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፤ ነገር ግን ሻዩን በስኳር አንቆ ነው የሚጠጣው፣ ከሰዓት በኋላም ጫቱን ይዞ ከመደቡ አይነሳም። እኛስ? እኛ ከግንቡ ውጭ ያለን የአስተማሪ፣ የወታደርና የጸሐፊ ቤተሰቦች፣ ወጡ ላይ ቅቤ ካልተንሳፈፈ እንግዳ ያዋረድን ይመስለን ነበር። ያለ ጉዳይ በእግር መሄድም በእኛ ሰፈር ያስወራል። "ምን ቸግሯት ነው የምትዞረው?" ይባላል።

እናቴ የስኳር በሽታ እንዳለባት የተነገራት በዚያ ወንበር ላይ ነው። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ አካባቢ፣ እኔም ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ሥራ የምፈልግበት ጊዜ ነበር። ከጎኗ አንዲት የጀጎል ሴት ተቀምጠዋል። እናቴ ማልቀስ ስትጀምር እኚህ ሴት ጭኗን መታ መታ አደረጓትና፣ "አቦ፣ ተይ! እኔም እሱኑ ነው የተባልኩት። ሁለት ሆነን አንፈራውም፣ ኢንሻአላህ" አሏት። ቤታቸው በግንቡ የኤረር በር ከገቡ በኋላ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ባላቸው ሞተው ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ፤ ስፌት ይሰፋሉ። እኛ ልጆች አዴ፣ እናት እንደማለት፣ ነበር የምንላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴና አዴ በአንድ ቀን እየተቃጠሩ ክኒናቸውን ከጤና ጣቢያው አብረው ይቀበሉ ነበር።

ጣጣው የመጣው በሁዳዴ ነው። ክኒኑ ከተዋጠ ምግብ ይፈልጋል፤ ሁዳዴ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አያስቀምስም። እናቴ ሁለቱንም ልታስደስት ሞከረች። ክኒኗን ጠዋት ዋጠች፣ ጾሟንም ያዘች፣ ቀትር ላይ ከጓሮ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ሳገኛት በላብ ተጠምቃ፣ ከሞተች ብዙ ዘመን ከሆናት እህቷ ጋር ታወራ ነበር። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሆስፒታል ከነቃች በኋላ ሐኪሙ፣ "እመቤቴ፣ እንዲህ ከደገሙት አይነሱም" አላት።

የነፍስ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው ፈቱላት። "ጾም ለደኅና ሰው ነው ልጄ፤ በጊዜ ብዪ፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ" አሏት። መስቀላቸውን ተሳለመች፣ አመሰገነች፣ አልበላችም። በእኛ ሰፈር ጎረቤት በር አያንኳኳም። እሳት ለመጫር፣ ጨው ለመበደር፣ ወሬ ለመቅመስ ዘው ይላል። እናቴ በሁዳዴ ቀትር ማዕድ ላይ ተቀምጣ መታየትን እንደ ዕርቃን ትፈራው ነበር። ከሁሉም በላይ የምትፈራው ግን አባቴን ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም፣ ግን ሲጾም ምራቁን ለመዋጥ እንኳ የሚያመነታ ዓይነት ሰው ነበር። "እሱ እንዲያ እየተቀጣ እኔ አጠገቡ ልጎርስ?" ትለኝ ነበር።

መላውን ያመጡት አዴ ናቸው። እሳቸውም በረመዳን ያው ጭንቅ ነበረባቸው። ሼኹ፣ "መሪድ፣ የታመመ ሰው፣ አይጾምም፤ በፋንታው ድሃ አብዪ" ብለዋቸዋል፤ እሳቸው ግን ምራታቸውና የአፎቻቸው ሴቶች፣ ማለት እንደ እድር የሚሰባሰቡት፣ በቀን ሲበሉ እንዲያዩአቸው አልፈለጉም። እናም አንድ ቀን እንዲህ አሉ፦

"ስሚኝ። በኔ ሰፈር የሁዳዴ ሰዓት ማን ይቆጥራል? ባንቺ ሰፈርስ ረመዳን ማን ይጠብቃል? አንቺ ባንቺ ጾም ኔ ቤት ብዪ፣ እኔ በኔ ጾም ናንተ ቤት እበላለሁ። አለቀ!"

እናቴ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁዳዴው እስኪያልቅ እናቴ ቀትር ሲቃረብ ነጠላዋን አጣፍታ በኤረር በር ትገባለች። ሰው ሲጠይቃት "ስፌት ልማር ነው" ትላለች፤ ለማስመሰያም ስንደዶ፣ አለላና ወስፌ ትይዛለች። ጾሙን ጨርሳ እንዳታፈርስ የምትበላው የጾም ምግብ ነው፤ የምታጎድለው ሰዓቱን ብቻ ነው። አዴ ግን የመጀመሪያው ቀን ሽሮ ሠርተው አቀረቡላት። እናቴ እንጀራውን ቆርሳ ወደ አፏ ስታስጠጋ ሽታው አፍንጫዋን መታው።

"ቅቤ አለው እንዴ?"

"ትንሽዬ ናት፣ ወላሂ! አንቺ መሪድ ነሽ፣ በዘይት ብቻ እንዴት ላብላሽ?"

ሽሮው ለምራታቸው ሄደ፤ እናቴ ፉል በዘይት በላች። በተራቸው ረመዳን ሲመጣ አዴ እንደ ሻጭ ስፌት በአናታቸው ተሸክመው እኛ ቤት ይመጣሉ። ሥጋችንን ስለማይበሉ ምስር ወይም እንቁላል እንሠራላቸዋለን። እናቴ "በስመ አብ" ስትል እሳቸው "ቢስሚላህ" ይላሉ፣ አንዳቸው ሌላቸውን ሳይጠብቁ። ያ መንገድ ራሱ ሳይጠቅማት አልቀረም። ነርሷ፣ "እናንተ ከግንቡ ውጭ ያላችሁት መሄድ ጀመራችሁ እንዴ?" ብላ እስክታሾፍባት ድረስ እግሯ ቀለላት።

አንድ የከፋ ነገር ቢኖር ለማስመሰያ የምትሰፋው ሙዳይ ነበር። እናቴ እጇ ለስፌት አልተፈጠረም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የጀመረችው ሙዳይ ከመዳፍ አላለፈም። አባቴ አንዳንዴ ያነሳውና አገላብጦ ያየዋል። "ይህ ሙዳይ ማደግ አሻፈረኝ አለ" ይላል፤ መልሶ ካነሳበት ያስቀምጠዋል። እናቴ ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች።

ጾሞቹ ግን በየዓመቱ እየተቀራረቡ ሄዱና ረመዳን ሁዳዴ ውስጥ የገባበት ዓመት መጣ። ስቅለት በረመዳን ዓርብ ዋለ። እናቴ ከሳምንት በፊት ጀምራ ቁርጥ አድርጋ ነግራናለች፦ "ስቅለትን ግን አልነካም። በጌታ ስቅለት በልቼ ከምኖር ልሙት።"

በዚያ ጠዋት አባቴ እንደ ልማዱ ክኒኗን በውኃ አቅርቦላት አስዋጣትና ለስግደት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። እኔ ልጠብቃት ቀረሁ። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ብለምናት፣ ባለቅስ፣ ብቆጣ አልሰማ አለች። ስድስት ሰዓት ገደማ ግንባሯ በላብ አብረቀረቀ፣ አልጋ ላይ ጋደም አለች። ሰፈሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የምጠራው ሰው አጣሁ። ስኳር በጥብጬ ላጠጣት ስል ጥርሷን ነከሰች።

አዴ እንደ ረመዳን ልማዳቸው ለምሳ የገቡት በዚህ መሐል ነው። ስፌታቸውን አውርደው አይተዋት ወዲያው ገባቸው። አልተቆጡም። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጡና፣ "እኔም ዋጥኩ፣ ጠዋት" አሉ። "አንቺ ካልበላሽ አልበላም።"

"ተይ አንቺ... ያንቺ ስቅለት አይደለ..."

"አቦ አልበላም አልኩሽ! ወላሂ አልበላም።"

ከጸሎተ ሐሙስ የተረፈውን ጉልባን በሳህን አምጥቼ በመካከላቸው አስቀመጥኩ። ሁለቱም አይነኩትም። እናቴ ጣሪያ ታያለች፣ አዴ እናቴን ያያሉ። ቆይቶ የአዴም የላይኛው ከንፈር በላብ ረጠበ፤ በመዳፋቸው ቢጠርጉትም ተመልሶ ይወጣል። እናቴ ያንን አየች። ለራሷ ያልራራችው ሴት በክርኗ ተደግፋ ተነሳች፣ ከጉልባኑ ዘገነች፣ ወደ አዴ አፍ ዘረጋች።

"ጉረሺ" አለች። "በሞቴ።"

አዴ እጇን አየር ላይ ያዙት፤ በሌላው እጃቸው እሳቸውም ዘገኑ። "አንቺም።"

እኩል ጎረሱ። እናቴ እያለቀሰች ታኝክ ነበር፣ "ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ" እያለች። አዴም እንባዋን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ "እሱ ያያል፣ ያየናል፣ ብዪ ብቻ" ይሏታል። እኔ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆሜያለሁ፤ ያን ቀን ጎረቤት ቢመጣ እገፈትር ነበር።

አባቴ ማታ ተመለሰ፤ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት፣ ቄሱ የጠበጠቡበት የወይራ ቅጠል ትከሻው ላይ ተለጥፎ። እናቴ እጁን አስታጠበችው። ጉልባኑ ሲቀርብለት ሳህኑን ለአፍታ አየው። ከሁለት ወገን ተበልቷል።

"አዴ መጥተው ነበር?" አለ።

"አዎ" አለች እናቴ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች።

"በሉ?"

"በሉ።"

"ታዲያ እንግዳ ብቻቸውን አበላሽ?"

እናቴ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። "ብቻቸውንማ እንዴት አድርጌ..." አለች።

"ደግ አደረግሽ" አለ አባቴ። ቀኑን ሙሉ አፉን ያልሻረው ሰው የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከሳህኑ አነሳና ለእሷ ዘረጋላት።