በካርዱ ላይ ያልጻፍኩት ወር

እህቴ እታፈራሁ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሪያድ ውስጥ ስትሞት ለቅሶ የተቀመጥነው መንሱራ ሰፈር፣ በጓደኛዋ በብርቄ ቤት ነበር። በሦስቱ ቀን ስለ እሷ ብዙ መልካም ነገር ተነገረ። ከአሠሪ ቤት ጠፍተው ለወጡ ልጆች በስልክ እየለመነች ማረፊያ ታገኝላቸው እንደነበር፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰው አስቀይማ እንደማታውቅ። በመጨረሻው ቀን ብርቄ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች እንዲህ አለች፦

"ሰውን ሁሉ የምትችል ነበረች። ያንን የመናዊ አትክልተኛ ብቻ አልቻለችም። ምን እንዳደረጋት እንጃ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሰላም ሳትለው ሞተች።"

"እሷ ደግሞ ቂም የት ታውቅና?" አለች አጠገቧ የተቀመጠች ሴት።

"እሱን ግን ይዛበታለች። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ።"

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጬ ነበር። ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው፣ አገር ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፣ እዚህም ባዲዓ ሰፈር ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የሕመምተኞችን ፋይል የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ፊደል ተሳስቶ ካየሁ ስላላሳልፍ ባልደረቦቼ ይሰለቹኛል። ስለ እህቴ የተባለው ግን ስህተት መሆኑን እኔ ብቻ እያወቅኩ አሳለፍኩት። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

እታፈራሁ የተወለደችው ሐይቅ አጠገብ በ1968 ዓ.ም. ነው። ፓስፖርቷ ስድስት ዓመት ያሳንሳታል፤ ደላላው ዕድሜዋ በዝቷል ብሎ ያስጻፈው ነው፤ የሞት ወረቀቷም ያንኑ ደግሞታል። አገር ቤት ሳለች ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም አልቆዩላትም። ስለዚህ ነገር አታወራም ነበር፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከባሏ ከተለያየች በኋላ ወደ ሳዑዲ መጣች። መጀመሪያ የሠራችው ጀራዲያ ሰፈር፣ መስኮቱ የጎረቤት ግንብ በሚያሳይ ፎቅ ላይ ነበር። በአራተኛው ዓመት ከፊሏን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷን የያዘውን አሠሪ፣ ቀይራ ባዲዓ ወዳለው ቪላ ገባች፣ እስክትሞትም እዚያው ነበረች። የቤቱ እመቤት፣ ማማ የምትላት፣ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች አሮጊት ናት።

የቪላው አትክልት ቦታ በርዝመቱ አርባ እርምጃ ነው። ሁለት ተምሮች፣ አንድ ቁርቁራ፣ የደከመ ሣር፣ በግንቡ ላይ ደግሞ እዚህ ሰዎች ጀሃነሚያ የሚሏት፣ እሾኋ የበዛ ቀይ አበባ ያላት ሐረግ አለች። የወጥ ቤቱ ዕቃ ማጠቢያ ያለው በዚያ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። እህቴ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳህን ያጠበችው እዚያ ቆማ ነው። ወፍ ማየት የጀመረችውም እዚያው ነው።

ስማቸውን ስለማታውቅ ራሷ ታወጣላቸው ነበር። ጥቁር ራስና ነጭ ጉንጭ ያለውን፣ ጎህ ሲቀድ የሚያፏጨውን "ነጭ ጉንጭ" ትለዋለች። አናቱ ላይ ላባ የሚዘረጋው "ባለ ዘውዱ" ነው። ድንቢጥና ዋኔ ግን ያገሯም ስለሆኑ በስማቸው ትጠራቸዋለች። በብርዱ ወቅት መውጫ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ ቦታው በወፍ ይሞላል። ያን ጊዜ በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር።

"ክንፈ፣ ዛሬ ባለ ዘውዱ መጥቶ ነበር።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"ሳህን ሳጥብ።"

"እትዬ፣ ሳህን ማጠብ እኮ ሰዓት አይደለም።"

"ለኔ ነው። ምነው፣ ፋይል ልትከፍትለት ነው? የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን ላምጣልህ?"

ፋይል ከፍቼለት ነበር። በአንድ ደብተር ላይ የነገረችኝን ሁሉ ጽፌያለሁ። እሷ ቀን የምትቆጥረው በአገራችን አቆጣጠር፣ ያውም በበዓል ነው፤ "በአቦ"፣ "በሚካኤል ማግሥት" ትለኛለች። እኔ በግራ በኩል የሷን ቀን፣ በቀኝ በኩል የፈረንጁንና የሂጅራውን እጽፋለሁ። ተሳስቼ አላውቅም ነበር።

አትክልተኛው መርዋን ይባላል፤ ከየመን፣ ከኢብ የመጣ፣ ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው። ሦስት ቪላ ስለሚይዝ እነሱ ጋ የሚመጣው በማለዳ ነው። ሥራውን ሲጨርስ እህቴ በጓሮው በር በኩል ሻይና ዳቦ ታወጣለታለች፣ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፣ እሷ በሩን ተደግፋ ትቆማለች። የውሃውን ጎማ ሲዘጋ ለወፎቹ በአሮጌ ሳህን ውሃ እንዲተው ያስለመደችው እሷ ናት። አንድ ዓርብ ልጠይቃት ሄጄ ሲቀላለዱ ሰምቻለሁ።

"የሀበሻ ሰው ስም አያልቅበትም" ይላታል መርዋን። "ይሄ ሁድሁድ ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ። ዘውድ ምናምን የለም።"

"አንተ ደግሞ አበባን ጀሃነም ብሎ የሚጠራ ሰው ስለ ስም ያወራል?"

"እሾኋን ቆርጠሽ እዪና ትክክል ነው ትያለሽ።"

ለዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነበሩ። ወንድሜ ይላታል፣ እህቴ ትለዋለች፤ ሁለቱም እያወቁ ነው የሚያገላብጡት፣ መሳቂያቸው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. አንዲት ዋኔ ጀሃነሚያው ውስጥ ጎጆ ሠራች፤ ጫጩቶቹን ድመት በላቸው። በ2016 እንደገና ሠራች፤ እንቁላሎቹን የአቧራ ነፋስ ጣላቸው። እህቴ ሁለቱንም ጊዜ ደውላ ነገረችኝና ሌላ ወሬ ጀመረች። በ2017፣ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ዋኔዋ ለሦስተኛ ጊዜ እንቁላል ጣለች። በማግሥቱ ሁለተኛውን። እህቴ መርዋንን ለምና በግንቡ ላይ ድመቷ የምትወጣበትን ቦታ በእሾህ አስዘጋች። የካቲት ሠላሳ ተፈለፈሉ።

"እንዴት ያስቀይማሉ መሰለህ" አለችኝ በስልክ። "ላባ የላቸው፣ ዓይን የላቸው። አፍ ብቻ ናቸው።"

"መቼ ይበራሉ?"

"ሌላ ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አምስት ቀን። ክንፈ፣ ስማኝማ። እነዚህ ከበረሩልኝ ኹሩጅ እጠይቃለሁ።"

ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ወረቀት ነው። እግሯ ያብጥ ነበር፣ ኩላሊቷ ደክሟል ተብላለች፤ ተመለሺ እያልኩ ሦስት ዓመት ነዝንዣታለሁ። ሁልጊዜ ሰበብ አታጣም። ይህ የመጀመሪያው ቀን የቆረጠችበት ጊዜ ነበር።

"በወፍ ነው የምትወስኚው?" አልኳት።

"አንድ ነገር ሲያልቅ አይቼ ልሂድ።"

ረመዳን ነበር። በማግሥቱ፣ መጋቢት አንድ ቀን፣ ማማ እህቴን ለአፍጥር ሥራ እንድታግዝ ወደ ሴት ልጇ ቤት ላከቻት፣ እስከ ረመዳን ማለቂያ ግድም። ማታ እህቴ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ሰላም አልነበረውም። ማማ ለዒድ ግንቡን ልታስቀባ ስለሆነ ሐረጉ እንዲቆረጥ አዛለች። እህቴ ለምናት ማማ ጥቂት ቀን ለመታገሥ እሺ ብላለች፤ ማማ ግን በማለዳ ስለምትተኛ ቀኑን ለመርዋን የሚነግረው ሰው የለም። የእሱ ስልክ ተበላሽቷል፤ እሷ ደግሞ ከተማው ሌላ ጫፍ ናት።

"አንተ በዚያ ታልፍ የለ? እስከ ዐሥራ አምስት እንዳይነካው በለው። ከዚያ በኋላ እንደወደደ ይቁረጥ። እኔም ዐሥራ አራት ላይ እመለሳለሁ፣ ሲበሩ አያለሁ።"

"እሺ እትዬ።"

"እንዳትረሳ።"

"እኔ ነኝ የምረሳ?"

በማግሥቱ ቀትር ላይ ሄድኩ። በረመዳን ቀትር ቤቱ ሁሉ ተኝቷል፣ መርዋንም በማለዳ መጥቶ ሄዷል። ከክሊኒኩ የያዝኩትን የፋይል ካርድ አወጣሁና በጥሩ ዓረብኛ ጻፍኩ፦ "ወንድም መርዋን፣ እስከ 15 ጀሃነሚያውን አትቁረጥ። የእታፈራሁ ወንድም።" በፕላስቲክ ጠቅልዬ ውሃ ቧንቧው ላይ አሰርኩት፤ ማታ ለእህቴም ካርድ መተዌን ነገርኳት።

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። በክሊኒካችን በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ቀን ይጻፋል፣ የሂጅራውና የፈረንጁ። በዚያ ዓመት ግን ረመዳን አንድ የዋለው ማርች አንድ ቀን ነበር። ስለዚህ ወሩን ሙሉ ሁለቱ ቀን አንድ ቁጥር ሆነ፤ እኛም ወሩን ትተን ቁጥሩን አንድ ጊዜ ብቻ መጻፍ ለመድን። ዐሥር ቀን ሙሉ በቀን መቶ ፋይል ላይ እንደዚያ ስጽፍ ነበር። እጄ የለመደውን ጻፈ። የእህቴ ዐሥራ አምስት መጋቢት ዐሥራ አምስት ነው፤ ለመርዋን ረመዳን ሃያ አራት ማለት ነው። እሱ ካርዱን አነበበና እስከ ረመዳን ዐሥራ አምስት በትክክል ጠበቀ። በዐሥራ ስድስተኛው ማለዳ መቀሱን አነሣ። ጫጩቶቹ ሰባት ቀናቸው ነበር።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ እህቴን ላስደስታት ብዬ ጎጆውን ለማየት ሄድኩ። ሐረጉ ተቆልሎ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ተኝቷል። ግንቡ ራቁቱን ነው። በኋላ እንደሰማሁት መርዋን ቀኑ ስላለፈ በረዋል ብሎ ጎጆውን ሳያይ ነው የቆረጠው፤ ከቆረጠ በኋላ አንዱን ጫጩት ሞቶ፣ አንዱን በሕይወት አግኝቶ፣ የዳነውን በዘንባባ ቅርጫት አድርጎ ግንቡ ላይ ሰቅሎታል። እኔ ስደርስ ቅርጫቱ ባዶ ነበር። ዋኔዎቹ ሁለቱም የቁርቁራው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው ግንቡን ያያሉ። ቧንቧው ጋ ቆሜ ቀኑን በልቤ አንድ ጊዜ አሰላሁ። ወዲያው ገባኝ።

ደወልኩላት።

"እትዬ፣ ሐረጉ ተቆርጧል።"

ከኋላዋ የድስት ድምፅ ይሰማል።

"ካርዱን አላየውም?"

"እንጃ።"

"አንተ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?"

"እንዳልሽኝ ነው።"

ከዚያ በኋላ ይህን መልስ ብዙ ጊዜ መርምሬዋለሁ። ዐሥራ አምስት ብላኛለች፣ ዐሥራ አምስት ጽፌያለሁ። ቃሉ ሁሉ እውነት ነው። ውሸት ነበር።

ስትመለስ መርዋንን ጠየቀችው። እሱም "እንደተነገረኝ ጠብቄያለሁ" አላት። ጠብቄያለሁ ሲል ያሾፈባት መሰላት። ካርዱን አምጣ አለችው፣ ጥሎታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ አላወጣችም። እሱ በማለዳ ሲመጣ የወጥ ቤቱን መጋረጃ ትዘጋለች፤ መጋረጃው ተዘግቶ ሳህን ታጥባለች። እኔ ስደውል "ወፎቹስ?" እላለሁ፣ "አሉ" ትላለች። ደብተሬ ላይ ከመጋቢት ሰባት በኋላ የተጻፈ የለም። ኹሩጅም አልጠየቀችም። በዚህ ምክንያት ቀረች ማለት አልችልም፣ ማስረጃ የለኝም። የማውቀው አለመጠየቋን ነው። በጥቅምት ታመመች፣ በኅዳር ሞተች። ሆስፒታል አጠገቧ ሆኜ ስምንት ቀን አድሬያለሁ። በስምንቱም ቀን ልነግራት አሰብኩ፣ በስምንቱም ቀን ደክሟታል አልኩ።

ዘንድሮ በመጋቢት መጀመሪያ፣ ክሊኒክ ሳልገባ በማለዳ ወደ ቪላው ሄድኩ። መርዋን ሣሩን ውሃ እያጠጣ ነበር። ሐረጉ ከግንዱ አቆጥቁጦ የግንቡን ግማሽ ያህል ወጥቷል። ሰላም አለኝና ሥራውን ቀጠለ። አጠገቡ ቆሜ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። የእኛን አቆጣጠር አያውቅም ነበርና ሁለት ጊዜ ማስረዳት ነበረብኝ።

"እናንተ ሌላ ወር አላችሁ?" አለ።

"አለን።"

"ስለዚህ ያልከኝ ቀን ሌላ ነበር።"

"ያሰብኩት ሌላ ነበር። የጻፍኩት ግን አንተ ያነበብከውን ነው። አንተ በትክክል ጠብቀሃል።"

ጎማውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ውሃው እግሩ ሥር ይፈሳል።

"እሷ ይህን አውቃ ነበር?"

"አላወቀችም። አልነገርኳትም።"

"ሆስፒታልም?"

"ሆስፒታልም።"

ፊቱን ወደ ጓሮው በር አዞረ።

"ዐሥራ አንድ ዓመት ዳቦዋን በልቼ በአንድ ጠዋት ውሸታም አለችኝ። ተናደድኩ። ሞተች ሲሉኝ ሌላው ሰው ሁሉ አላህ ይማራት አለ። እኔ አፌን ዘጋሁ። ሆን ብዬ ነው የዘጋሁት።"

አሁንም ወደ በሩ እያየ ነበር።

"አላህ ይማራት" አለ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገረው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ይኸው አልኩ። አሁን ሂድ ወንድሜ፣ ሥራ አለኝ።"

ወጣሁ። በሩን ስዘጋ ዞር ብዬ አየሁት። ሥራውን አልጀመረም። ቧንቧውን ዘግቶ፣ እጁን ሳያደርቅ፣ የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር።