ከገብሱ ላይ የተነሣው ዝናብ

ትናንት ልጄ ለትምህርት ቤት የምትሠራውን አልበም ይዛ መጣችና "እማ፣ የትኛውን ሰማይ ላድርግበት?" ብላ ታብሌቱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። የዛሬ ልጅ ሰማይ እንኳ ያማርጣል! እኔ ግን ጥያቄዋን ስሰማ በሐሳብ ደጋው አገር ሙጃ ደርሼ ተመለስኩ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ አንዲት እንግዳ ጠርዙ የተሰነጠቀ ታብሌት ሰጥታኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ እኔን ማን ይቻለኝ! ቀዩን የድንጋይ ግድግዳ፣ የጋቢ ሽመና፣ ገበያ የተሰጣ በርበሬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነሣለሁ። ከዚያ ፎቶዎቹን እዚያው ታብሌቱ ላይ እያሳሳሁ እንደ ነጠላ አንዱን በአንዱ ላይ እደርባለሁ፤ የታችኛው በላይኛው ውስጥ ብቅ ይላል። የሰው ፎቶ የሚቀመጠው ከሁሉም በላይ ነው። እውነቱን ልናገርና እኔን ከሰውየው ይልቅ ባክግራውንዱ ይስበኝ ነበር።

እጮኛዬ ደሳለኝ የሙጃ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ አያ ሞላ ግን "ስንዴና ገብስ የማትለይ የከተማ ልጅ ምን ትሆንሃለች?" ብለው ሽማግሌ አልልክም አሉ። እኔም እልህ ያዘኝ። ከደሳለኝ ስልክ የቤተሰቡን ፎቶ ለቃቅሜ አልበም ሠራሁላቸው። የመጨረሻው ገጽ የራሳቸው ፎቶ ነው። ከጀርባው በኅዳር ጋሸና መንገድ ዳር ያነሣሁትን የደረሰ ገብስ አነጠፍኩ። ሰማዩ ጭር አለብኝና ነሐሴ ላይ ያነሣሁትን ጥቁር ደመና ከነዝናቡ ደረብኩበት። አቤት ሲያምር! ራሴን በራሴ አደነቅሁ።

በጥር ወደ ሙጃ ወጣን። መንገዱ አጥንት ያላቅቃል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በቅቤ የራሰ የገብስ ቂጣ ቀረበልን። አያ ሞላ በጥርጣሬ እያዩኝም ቢሆን አጎረሱኝ። ከዚያ አልበሙን ታብሌቱ ላይ ከፍቼ ሰጠኋቸው። በጣታቸው እየገለጡ፣ እየሳቁ ሄዱና መጨረሻው ላይ ፊታቸው ጠቆረ።

"ይኸ ገብስ ደርሷል" አሉ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ዝናቡስ?"

"እንዲያምር ብዬ... እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

"እንዲህ ያለ ዝናብ አንዴ አይተናል፣ ልጄ። ነዶው ሜዳ ላይ እንዳለ በቀለ። በሬዎቼን ሸጥኩ። ትልቁ ልጄም በዚያው ዝናብ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጣ፤ ወጥቶ ቀረ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ገበሬ የሆነ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም ነበር፤ ገብስ ከደረሰ በኋላ ዝናብ ጌጥ አይደለም። በቃ፣ ትዳሬን በገዛ እጄ አበላሸሁት ብዬ ደመናውን ነካሁና አጠፋሁት። ገብሱ በጠራ ሰማይ ሥር ፏ አለ።

አያ ሞላ ከመደቡ ብድግ አሉ። "ወዴት ሄደ?"

"የተደረበ ነው፣ አባባ። ይነሣል።"

"እስቲ መልሽው።"

መለስኩት።

"አንሽው።"

አነሣሁት። ከዚያ እጄን ገፋ አድርገው ራሳቸው ሞከሩ፤ መለሱት፣ አነሡት፣ ደግሞ መለሱት። ሌላውን ነገር ሁሉ ረሱት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ያን ዓመት የት ነበርሽ፣ ልጄ?" አሉኝ።

አለቀስኩ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ላኩ።

አሁን አያ ሞላ አርፈዋል። እኔም ከማንም ፎቶ ጀርባ አንዳች ከማንጠፌ በፊት ባለቤቱን እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለብዙ ዓመት ሳይገባኝ ኖሯል። ያን ደመና ጨርሼ ልሰርዘው ባልኩ ቁጥር "ተይው፣ ይኑር" ይሉኝ ነበር። ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው የገባኝ። ልጃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት እኮ በዚያ ዝናብ ውስጥ ሲሄድ ነው።