ቁጥር ስድስት ማሊያ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሌኒየሙ ከመከበሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ስለ ስፖርት ብዙም የማላውቅ ልብስ ሰፊ ነኝ። ነገር ግን ሆኪ የሚባል ጨዋታ በሬዲዮ በተነሳ ቁጥር ያቺ ቀን ትመጣብኛለች።

ያኔ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ከዚያ በፊት ከዘይነባ ጋር አብረን ነበር የምንሠራው። ዘይነባ ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ፣ እዚያው ሰፈር ያደገች ባለሙያ ናት። እኔ ልክ እወስዳለሁ፣ እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ።

አንድ የሙሽራ ቀሚስ አጣላን። ሙሽራዋ ስትለካው አጥሮባት እዚያው ቆማ አለቀሰች። እኔ ደንግጬ "አቆራረጥሽ ነው!" አልኳት። ዘይነባ "የሰጠሽኝን ልክ ነው የቆረጥኩት" አለች። ሰው ፊት ክፉ ደግ ተነጋገርን። በማግስቱ የስፌት መኪናዋን አሸክማ ሄደች።

ከሳምንት በኋላ ልክ የምጽፍበትን ደብተር ገልጬ ሳይ የሙሽራዋንና የሚዜዋን ቁመት አቀያይሬ ጽፌዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ሄጄ ልነግራት አስቤ ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። በአንድ መንገድ እየተላለፍን ሰላም አንባባልም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሳምሶን የሚባል ጎረቤቴ እየሮጠ መጣ። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው። ከኋላው ቱታ የለበሰ ረጅም የውጭ አገር ሰው ይከተለዋል።

"እትዬ ወይንሸት፣ በእናትሽ እንዳታሳፍሪኝ" አለኝ።

ሰውየው ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ የወንዶች ሆኪ ቡድን አሰልጣኝ ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር ወደ ናይሮቢ ሲሄዱ አዲስ አበባ አድረዋል፤ ማሊያቸው ያለበት ሻንጣ ግን የት እንደቀረ አልታወቀም። የመጀመሪያው ጨዋታ በማግስቱ ጠዋት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በቁጥሩ ስለተመዘገበ ያለ ቁጥር ሜዳ አይገባም። ሜክሲኮ ካለ ሱቅ አሥራ ስድስት አረንጓዴ ካናቴራ ገዝተው ይዘዋል። ደረቱም ጀርባውም ላይ ቁጥር ይፈልጋሉ። አሥር ሰዓት ላይ ከሆቴሉ ወጥተው ወደ ቦሌ ይሄዳሉ።

ካናቴራዎቹን ቆጠርኩ፣ ሰዓቴን አየሁ። ብቻዬን የማይሆን ነገር ነው። አሰልጣኙ የምለው ባይገባውም ዓይን ዓይኔን ያያል። "እሺ፣ ይደርሳል" አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የፈራሁት።

ዘይነባ ቤት ሄድኩ። እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ትቆርጣለች።

"ዘይነባ፣ አሥራ ስድስት ማሊያ አለ። እስከ አሥር ሰዓት ቁጥር ተሰፍቶበት ማለቅ አለበት። ብቻዬን አልችልም" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ቁጥሩ በምን ጨርቅ ነው?"

"ነጭ ሳቴን አለኝ።"

"ሳቴን ይተረተራል። ጠርዙ መታጠፍ አለበት" አለችና መቀሷን አንስታ ተነሳች።

ወደ እኔ ክፍል ተመልሰን ምሳ ሳንበላ ሠራን። ከሥራው በቀር አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። "ክር አቀብዪኝ"፣ "ይሄኛው ሰፋ ብሏል"፣ በቃ። ሁለት ተጫዋቾች በሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። አንደኛው ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዟል። ዘይነባ ዱላውን ደጋግማ አየችውና "ምንድነው፣ ገና ነው እንዴ የሚጫወቱት?" አለች። ሳቄ አመለጠኝ። እሷም አቀርቅራ ፈገግ ስትል አየኋት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አሰልጣኙና ሳምሶን መጡ። አሰልጣኙ ማሊያዎቹን አንድ በአንድ አነሳ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ሁለት ዘጠኝ አለ፤ ስድስት የለም።

ያኔ የሙሽራዋ ልቅሶ ትዝ አለኝ። ዘይነባም ትዝ ብሏት ኖሮ መቀሷን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። አሁን ምን እንደምል ልትሰማ ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ቁጥሩን ገልብጬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አንቺ ደህና አድርገሽ ነው የቆረጥሽው።" ግን በዚህ አላቆምኩም። "ያ ቀሚስም የኔ ጥፋት ነበር፣ ዘይነባ። ልኩን አቀያይሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ምን?"

"የዚያኑ ዕለት ደብተሩን አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ከአንቺ አፍ እንድሰማው ፈልጌ ነዋ!" አለች። ወዲያው ማሊያውን ከአሰልጣኙ እጅ ተቀበለችና ምላጭ አወጣች። "በይ አሁን ክር አዘጋጂ። እነዚህን ሰዎች አውሮፕላን እንዳናስመልጣቸው።"

እሷ የጀርባውን ስትፈታ እኔ የደረቱን ፈታሁ። ቁጥሩን አዙሬ፣ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ እንደገና ሰፋሁት። በሩ ላይ ከሚጠብቁን ተጫዋቾች አንደኛው ባለ ቁጥር ስድስት ኖሮ ክሩ እንደተቆረጠ ነጥቆ ለበሰውና ሁለታችንንም አቀፈን። ምን እንደተባባልን አንድም ቃል አልገባውም፤ ግን እሱም ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሳምሶን ማሊያዎቹን ታቅፎ ታክሲ ፍለጋ ሮጠ።

ከወራት በኋላ በሆቴሉ አድራሻ ፎቶግራፍ መጣልን። አሥራ ስድስቱም አረንጓዴያችንን ለብሰው ተሰልፈዋል። ከጀርባው አንድ ጨዋታ እንዳሸነፉ ጽፈዋል። ስንቱን እንደተሸነፉ አልጻፉም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ዘይነባ ግን ማሊያዎቹን በሰፋንበት ሳምንት ነው የስፌት መኪናዋን መልሳ ያመጣችው። ዛሬ ሁለታችንም መነጽር ሳናደርግ ክር አናስገባም፤ ግን አሁንም አብረን ነን። ያንን ሁለት ዓመት ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ። ደግነቱ አሁን ስሳሳት ሳልናገር አላድርም። "ዘይነባ፣ አበላሽቻለሁ" እላታለሁ።

እሷም ቀና ሳትል እጇን ትዘረጋለች። "አምጪው፣ እንፍታው።"